ሳይዘጋ የቀረው ዲስክ

ደክሞኛል። ሰሞኑን ከጀሞ ሀይሌ ጋርመንት ስመላለስ የከረምኩት ለአንድ ዲስክ ነው። እህቴ ልጇን ልትድር ነው፤ እሁድ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የአባታችን ምርቃት በቴሌቪዥን ካልተሰማ ብላ ያዘችኝ። አባባ ካረፈ ቆይቷል። ድምፁ የቀረው እህቴ ራሷ በተዳረችበት ዕለት በተቀረፀው ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

"መርቆኛል እኮ፣ ወንድም ጋሼ። እያለቀሰ ነው የመረቀኝ" ትላለች።

የቤቴ ማጫወቻ ዲስኩን ይውጥና ሲያጉረመርም ቆይቶ ይተፋዋል። ሀይሌ ጋርመንት ያሉት ሱቆች አሁን የሚሸጡት የስልክ ሽፋንና ፍላሽ ነው። አንዱ ዲስኩን አገላብጦ አየና "ፋዘር፣ ይሄማ ሙዚየም ነው የሚገባው" አለኝ። ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበረኝም። በመጨረሻ ሀና ማርያም አካባቢ ድሮ ሠርግ ይቀርፁ የነበሩ ሰው እንዳሉ ሰማሁና ሄድኩ።

ሰውዬው አሮጌ የዲስክ መቅረጫቸውን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡልኝ። ዲስኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው ቀዳዳው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት አሳዩኝ።

"ሁለት ዓይነት ነበር፤ ማይነስና ፕላስ። መልካቸው አንድ ነው። ማይነሱን የድሮ ማጫወቻ አብዛኛው ያነበዋል፤ ፕላሱን አንዳንዱ እምቢ ይላል። እኛ ደግሞ መርካቶ የተገኘውን ነበር የምንገዛው። የእርስዎ ፕላስ ነው።"

"እንግዲያው ችግሩ እሱ ነው?"

"አይደለም፤ ዲስኩ አልተዘጋም። ቀረፃ ሲያልቅ ካልተዘጋ ከመቅረጫ በቀር ሌላ ማሽን አያነበውም። ሠርጉን እንቀርፅና ሳንዘጋው ለመልሱ ቦታ እንተው ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንዲሆኑላቸው። የእናንተ መልስ አልተቀረፀም?"

አልተቀረፀም። መልስም አልነበረም። አባባ በሠርጉ ማግስት ታመመ፤ ሙሽሮቹ ለመልስ በተጠሩበት ቀን ቀበርነው። ዲስኩን ማን ያስታውሰው።

ማሽኑ አጉረመረመ፤ ከዚያ ምስሉ መጣ። ሳሎናችን፣ ያ ሁሉ ሰው፣ እህቴ በቬሎዋ ሆና የአባባን ጉልበት ስትስም። ማይክራፎን አስጠጉለት። አባባ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ፣ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

"አሁን አልችልም" አለ። "ለመልሱ ስትመጣ እመርቃታለሁ። በሉ ውሰዷት።"

ጭብጨባውና ዘፈኑ ዋጠው። ይኼው ነበር። ከጎኑ የቆመው ወጣት እኔ ነኝ፤ እኔም ረስቼው ኖሯል።

"ልዝጋው?" አሉ ሰውዬው። "ከዘጋሁት ሌላ ቤትም ይታያል። ግን ከእንግዲህ ምንም አይጨመርበትም።"

"ይዝጉት" አልኩ።

ከበራቸው ሳልርቅ እህቴ ደወለች። መዋሸት አማረኝ፤ አልሆነልኝም፤ ያየሁትን ነገርኳት። ስታለቅስ ይሰማኛል። ቆይታ "እንግዲያው እሁድ በአባባ ፈንታ አንተ ትመርቃታለህ" አለችኝ። "ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?"

እኔ ምርቃት አልችልም። ሌላው ሲመርቅ አሜን ከማለት በቀር ሞክሬው አላውቅም። ጀሞ የሚያደርሰኝ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቤ ተቀመጥኩና አባባ የጎረቤት ልጆች ሲዳሩ ይላቸው የነበረውን ለማስታወስ ሞከርኩ። ውለዱ፣ ክበዱ። ቤታችሁ ይሙላ። ሳላውቀው ድምፅ አውጥቼ ኖሯል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ፣ ቀስ ብለው "አሜን" አሉ።