ከእሑድ በፊት ማለቅ ያለባት ካሴት

ባምላክ የወንድሙን ሞት ያወቀው በፋብሪካው ምሳ ቤት ነው። ዓርብ ቀን፣ ሽሮው ቀርቦለት ስልኩን ሲከፍት የሣህሉ ፎቶ ብቅ አለ። ከሥሩ አንድ ባምላክ የማያውቀው የሣህሉ የሥራ ባልደረባ «ነፍስህን ይማር ወንድሜ» ብሎ ጽፎበታል። ሣህሉ ጋምቤላ በኩል በመንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ነበር። ወባ ነው፤ ሦስት ቀን ታመመ፣ በአራተኛው ቀን አለፈ፣ መንገዱ ዝግ ስለነበር እዚያው ተቀበረ። ሁሉም ተጽፏል። ባምላክ አነበበና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሽሮውን በላ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰሃኑን ጠርጎ በላ፤ በልቶም ሲያበቃ ገብቶ የተበላሸች የፈትል ማሽን ጠገነ።

ምን ዓይነት ድንጋይ ሰው ነው ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። እሱም ራሱን እንደዚያው ብሎ ጠይቋል። ማሽኗን እየፈታ «አሁን አለቅሳለሁ፣ አሁን አለቅሳለሁ» እያለ ይጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። ሆዱ ውስጥ ምንም የለም። ሰዓቱ ሲደርስ ፈርሞ ወጣ፣ ባጃጅ ይዞ ሹም አቦ ሰፈር ወዳለው ቤቱ ገባ።

ባምላክ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሚስት አላገባም፤ ከእናቱ ከወይዘሮ ፀሐይወርቅ ጋር ይኖራል። አባቱ ከአሰላ መጥተው እዚሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መካኒክ ሆነው ኖሩ፤ ጡረታ ሳይደርሱ አረፉ። ልጅየውም አባቱ በወጡበት በር ገብቶ ኤሌክትሪሺያን ሆነ። ድምፁ አይሰማም፣ ከሰው አይጣላም። ጎረቤት ሬዲዮው፣ ምጣዱ፣ ቻርጀሩ ሲበላሽ ይጠራዋል፤ ሌላ ጊዜ መኖሩንም የሚያስታውሰው የለም።

አባትየው አንድ ዓመት ለፋሲካ በግ ሊገዙ ወጥተው ሴጋ፣ ያን ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዘ ጨዋታ የሚጫወቱበትን መሣሪያ፣ ገዝተው ተመለሱ። በግ ቀረና ሴጋ መጣ! ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሙሉ ሳምንት አኮረፉ። ልጆቹ ግን በግ መኖሩንም ረሱ። ያሏቸው ካሴቶች ሦስት ብቻ ነበሩ። ካሴት የምላችሁ የዘፈኑን አይደለም፣ ሴጋው ራስ ላይ የምትሰካዋን ጥቁር ሣጥን ነው። ሦስቱን አሥር ጊዜ ሃያ ጊዜ ጨርሰው ሲሰለቻቸው፣ ታናሽየው ሣህሉ በካሬ ደብተር ላይ የራሱን ጨዋታ መሳል ጀመረ። ሁለት ታንኳዎች ከዘጌ እንጨት ጭነው ጣናን ያቋርጣሉ፤ ማዕበል አለ፣ ጉማሬ አለ፤ አንደኛው ታንኳ ሲገለበጥ ሌላው ደርሶ ካላወጣው ሁለቱም ይሸነፋሉ። ጉማሬውን የሳለው የአጎታቸውን የጋሼ ሀብተ ሥላሴን ግንባር አስመስሎ ነው። አጎትየው አንድ ቀን ደብተሩን አይተው ይሄን የመሰለ ቆንጆ በሬ ማን ሳለው ብለው መረቁት።

ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ባምላክ ጨዋታውን ኮምፒውተር ላይ ጻፈው። ሥዕሉን ሣህሉ ከሚሠራበት በረሃ እየላከለት፣ አንዱ ሌላውን እየሰደበ፣ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። በኮምፒውተር ይሠራል፣ ያምራል። ሣህሉ ግን አሻፈረኝ አለ። «በሴጋው ካልሆነ ምኑ ጨዋታ ነው? ለኅዳር ሚካኤል ፈቃድ ስወጣ ሰክተን ነው የምንጫወተው» አለ። እንግዲህ የፋብሪካ ካሴት አንዴ የተጻፈባትን እንጂ ሌላ አትቀበልም። ስለዚህ ባምላክ የራሱን ካሴት መሥራት ጀመረ፤ ፍላሽ የሚሏት የማስታወሻ ቺፕ ያለባት፣ ጽፎ አጥፍቶ እንደገና የሚጽፍባት። ባዶ ቦርዱን ነድፎ ከቻይና አስመጣ። ፍላሿ እንደ መርፌ የቀጠኑ አርባ ስምንት እግሮች አሏት፤ አንድ በአንድ በየዳቸው። ሰካት። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሣህሉ የሞተው ባምላክ ይህን ጥቁር እያየ ባለበት ሳምንት ነው።

አሁን ነገሩን በደንብ ስሙልኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ሐዘንተኛ የሚሆነው መርዶ ሲረዳ ነው። ዘመድ አዝማድ ተማክሮ፣ ቀን ቆርጦ፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ በር ያንኳኳል፤ ያን ጊዜ ነው ሞት ቤት የሚገባው። እስከዚያ ድረስ አገር ምድሩ ቢያውቅም አንተ አልሰማህም። ባምላክ ይህን ያውቃል። የተረዳ ዕለት ጠረጴዛው ወጥቶ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ግቢው ድንኳን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያቺን ካሴት የሚነካ እጅ እንደማይኖረው እርግጠኛ ነበር። ዕድሜ ልኩን መሳቢያ ውስጥ ትቀራለች፣ የሣህሉም ታንኳዎች ከደብተር አይወጡም። ስለዚህ እስኪያረዱት ድረስ አልሰማሁም ብሎ መሥራት አለበት።

ሁለተኛም ነገር አለ፤ እናቱ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ደም ብዛት አለባቸው። እሱ ፊቱ ላይ ካስታወቀበት እሳቸው ይወድቃሉ። ስለዚህ ዓርብ ማታ እንደ ሁልጊዜው ሳቅ ብሎ ገባ። «ሣህሉ ደወለ?» ሲሉት «ኔትወርክ የለም ይላሉ እማዬ» አለ። ውሸቱ ከአፉ የወጣበት ቅለት እሱን ራሱን ገረመው።

በመጀመሪያው እሑድ ጎህ ሲቀድ ነቅቶ ጠበቀ፤ የመጣ የለም። ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ ጋሽ ደሞዝ፣ ሱቁ ጥግ ላይ አስቆሙት።

«ባምላክ፣ የፊታችን እሑድ ጠዋት ቤት ነህ አይደል?»

«አለሁ። ምነው ጋሽ ደሞዝ?»

«አይ... እንዲያው... የውሃ መስመሩን እንድታይልኝ ብዬ ነው።»

«እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ እኮ።»

«አዎ፣ አዎ፣ መብራቱን ማለቴ ነው» አሉ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው። ጋሽ ደሞዝ አርባ ዓመት ሙሉ የሰውን ሞት በጥሩምባ ሲለፍፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መደበቅ ከየት ያምጡት? ባምላክ «እሺ፣ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። እሑድ ነው ማለት ነው። አምስት ቀን ቀረው።

ረቡዕና ሐሙስ በቴስተር እያንዳንዷን እግር ለካ። ጫፏን ሲነካ ጢጥ ካለ ደህና ናት፤ ዝም ካለ ተቋርጣለች። ሁሉም ጢጥ ይላሉ። ሴጋው አምስት ቮልት ይሰጣል፣ ፍላሿ ከሦስት ብዙም የበለጠ አትችልም፤ ምናልባት አቃጠልኋት ብሎ ያችን አውጥቶ በትርፍነት ያስቀመጣትን ሌላዋን በየደ። ያው ጥቁር ነው። መበየጃው የግራ ሌባ ጣቱን ሲያቃጥለው ያወቀው ሽታው ሲመጣ ነው። ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ አየው፤ የሌላ ሰው ጣት መሰለው።

ዓርብ መብራት ጠፋ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የእጅ ባትሪ ይዘው መጥተው አጠገቡ ቆሙ።

«ተይው እማዬ፣ እግርሽ ያብጣል።»

«ዝም ብለህ ሥራ። ስንት እግር ነው ያላት?»

«አርባ ስምንት።»

«ወይ ጉድ! ይቺን ለምታህል? አንተ ሁለት ይዘህ የትም አልሄድህም» አሉና ሳቁ። እሱም ሳቀ። ሬዲዮአቸውን ሳምንቱን ሙሉ አልከፈቱም፤ ጢጥ የምትለዋን በደንብ ስማ ብለው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤት ለወሬ ሲመጣም «ልጄ ሥራ ላይ ነው» ብለው ከበር መለሱ። ባምላክ እናቱ ጎንበስ ብለው ሲያበሩለት ሽበታቸውን እያየ «ምስኪን፣ ምንም አታውቅም» ይል ነበር በልቡ። ያን ሲል እንኳ ደረቱ ውስጥ የተነቃነቀ ነገር የለም። ያንን ነው የፈራው። ወንድሙን አልወደውም ነበር ይሆን?

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አገኛት። ሠላሳ አንደኛዋ እግር ከቦርዱ በፀጉር ስስነት ተነስታለች። በቴስተር ሲነካት ጫፉ ተጭኖ ያጋጥማታል፣ ጢጥ ትላለች፤ እጁን ሲያነሳ ትለያለች። ሲለካት ደህና፣ ሲተዋት የተቋረጠች! የፊተኛዋም ፍላሽ እዚያችው ቦታ ላይ ሳትይዝ ቀርታ ኖሯል፤ አራት ቀን ያጃጃለችው እሷ ናት። በየዳት። ካሴቷን ሰካ። ማብሪያውን ገፋ።

ጣና መጣ። ሰማያዊው ውሃ፣ ቢጫዎቹ ታንኳዎች፣ ግንባራሙ ጉማሬ፣ ሁሉም መጡ። ከታች በሣህሉ የእጅ ጽሕፈት ቅርጽ «ለሁለት ሰው» ይላል። ባምላክ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አሁን ደስ ይለኛል ብሎ ጠበቀ፤ ምንም። አንደኛውን መጫወቻ ያዘና ተነሳ፣ ታንኳውን ቀዘፈ። ሁለተኛው ታንኳ ባለበት ቆሞ ቀረ። ጉማሬው ደርሶ ገለበጠው። ጨዋታው አለቀ።

«አለቀች?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከበሩ ላይ።

«አለቀች።»

«አምጣ እስቲ፣ እኔም ልሞክር።»

አጠገቡ ተቀምጠው ሁለተኛውን መጫወቻ ያዙ። በሕይወታቸው ነክተውት አያውቁም። ሦስት ጊዜ ተገለበጡ፣ ሦስት ጊዜ ደርሶ አወጣቸው። «ኧረ ይሄ ጉማሬ ወንድሜን ይመስላል!» ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ባምላክ የሳቅ እንባ መስሎት አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ «እሰይ፣ በቃ ጨረስህ» ብለው ግንባሩን ሳሙት፣ ስልካቸውን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ባምላክ ተነስቶ ጥቁር ሹራቡን ለበሰ። ካሴቷንም ሴጋውንም ጠረጴዛው ላይ ተዋቸው። አስቦ ጨርሷል፤ ሽማግሌዎቹ ሲያንኳኩ ቀድሞ እናቱ ክፍል ይገባል፣ ደግፎ ይይዛቸዋል፣ ከዚያ ይነገራቸው። የግቢው በር ሲንኳኳ ድምፁን ሰማና የእናቱን ክፍል ከፈተ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አልተኙም። ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ አልጋቸውን አንጥፈው ከጠርዙ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ወደ እሱ ዘርግተው ሊነሱ ሲሉ ጥቁር ሹራቡን አዩና ባሉበት ቀሩ።

«አንተም ታውቃለህ?» አሉ።

«አንቺ... መቼ ሰማሽ?»

«ያን ቅዳሜ። ወፍጮ ቤት ሄድሁ፣ ያ ሁሉ ሰው ተራውን ለቀቀልኝ። ሌላ ጊዜ ለተራ የሚጋፋው ሁሉ ቅደሚ፣ ቅደሚ አለኝ። ያን ጊዜ አወቅሁ። በቀጥታ አጎትህ ዘንድ ሄጄ ጉልበታቸውን ይዤ አስማልኋቸው። እሑድ ሊመጡብህ ነበር፤ ልጄ ያን ነገር ሳይጨርስ እንዳትነግሩት አልሁ። ከተነገረው አይነካውም አልሁ። አንዲት ሳምንት እንኳ ሳያዝን ይሥራ ብዬ ነው... ትናንት ነው ጨርሷል ኑ ያልኋቸው። አንተስ? መቼ?»

«ከአንቺ አንድ ቀን ቀድሜ።»

«ብቻህን? ዘጠኝ ቀን ብቻህን?»

ባምላክ ያን ሲሰማ ባትሪ ይዛ የቆመችው እናቱ፣ የሳቅ እንባ የመሰለውን የጠረገችው እናቱ፣ ሬዲዮዋን ዘግታ ጢጥታውን የምታዳምጠው እናቱ ባንድ ጊዜ መጡበት። እሷም ልጇን በሆዷ ይዛ ነበር። በአንዲት ግድግዳ ተለያይተው፣ አንድ ገበታ እየበሉ፣ አንዱ ለአንዱ ሲስቅ ስምንት ቀን። አብረው ማልቀስ ሲችሉ! እናቱ እግር ሥር ወደቀና «ወንድሜን! እማዬ፣ ወንድሜን!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ የማይሰማው ሰው ጩኸቱ አራተኛ ቤት ደረሰ።

ጋሼ ሀብተ ሥላሴ ገና የግቢውን በር አልገቡም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያዘጋጁት ያደሩትን ንግግር እንደያዙ ደጅ ላይ ቆመው ቀሩ።