የእማሆይ ገንዳ

እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ደምበጫ በልጅነቴ «ይህ ልጅ እግሩ አይረጋም» ይሉኝ ነበር፤ አልተሳሳቱም። ያን ዓመት ግን ባሰብኝ። ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ ቡሬ፣ ሥራ ኖረኝም አልኖረኝም በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ቡሬ ደርሼ ሻይ አዝዤ፣ ሻዩ ሳይመጣ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ «ሥራ በዝቶብኝ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ከመናገር መሄድ ስለቀለለኝ ነበር የምሄደው።

ሥራዬ ዓሣ ማርባት ነው። «ጎጃም ላይ፣ ከጤፍና ከበቆሎ መሀል፣ ዓሣ?» ብሎ ያልሳቀብኝ የለም። ከማንኩሳ ወረድ ብሎ፣ ወንዝ ዳር፣ አንድ ባለሀብት ኩሬ አስቆፍሮ እኔን ባለሙያ ብሎ ቀጠረኝ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አርብቶ በሁዳዴ፣ ሥጋ በማይበላበት ጊዜ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ሆቴሎች ማቅረብ። ጫጩቶቹ እንደተፈለፈሉ ኩሬ አይገቡም። መጀመሪያ በሁለት የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ በእጅ ይመገባሉ። አንዱን ገንዳ እኔ አበላ ነበር፤ ሌላውን እማሆይ።

እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ፣ ማንኩሳ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሰዓት አያዛንፉም፤ ጫጩቶቹን «እነዚህ ምስኪኖች» ነው የሚሏቸው። የዓሣ ጫጩት ገና ስትፈለፈል የጥፍር ቁራጭ አታክልም። ስለዚህ የምትበላው ነገር እንደ ዱቄት የላመ መሆን አለበት። የኔ ትእዛዝ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጨርቅ እየታሸ፣ ከደረቀ ዓሣ ዱቄት ጋር እንዲበተን ነበር። እንቁላሉን ጠዋት ጠዋት እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ቀለብ ቤቱ ይገባሉ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የእሳቸው ጫጩቶች ከእኔዎቹ አነሱብኝ። ውሃውን ለካሁ፣ ገንዳውን አጠብሁ፣ ምንም አልተገኘም። አንድ ጠዋት ቀደም ብዬ ስደርስ እማሆይ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ይበትናሉ፤ የሚበትኑት ግን ቢጫ ሳይሆን ነጣ ያለ ነገር ነው። ዘግኜ አሸተትሁት። የባቄላ ዱቄት!

«እማሆይ፣ እንቁላሉስ?»

«እንቁላሉ አለ።»

«አለ ማለት?»

«ይህ ዓሣ ለጾመኛ የሚሸጥ አይደለም እንዴ፣ ልጄ? በእንቁላል ያደገ ዓሣ እንዴት ጾም ይሆናል? እያወቅሁ የሰው ጾም አላስገድፍም።»

ያን ጊዜ መሳቅ ነበረብኝ፤ ወይም ቁጭ ብዬ ማስረዳት። ግን መቀመጥ አልችልም ብያችኋለሁ። ደሜ ፈላ። ሠራተኞቹ ሁሉ፣ ውሃ ሊቀዱ የወረዱት የማንኩሳ ሴቶች ሳይቀሩ እየሰሙ፣ «ጾሙን ይተዉትና እውነቱን ይንገሩኝ፤ እንቁላሉን በልተውታል ወይስ ሸጠውታል?» አልሁ።

ይህን ያልሁት ለመነኩሲት ነው! ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር። እማሆይ ጣሳውን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጠላቸውን አጣፉና «እግዜር ያውቃል» ብለው ሽቅብ መንገዱን ያዙ። ከዚያ ቀን ወዲያ አልተመለሱም። ባለሀብቱ ሲጠይቀኝ «ሲነቃባቸው ጊዜ ሄዱ» አልሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔው ደግሞ ወለምታ አልነበረም፣ ስብራት ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቀለብ ቤቱ ሸተተ። አይጥ ሞታ እንደሆነ ብዬ ጥግ ጥጉን ስፈትሽ፣ የጤፍ ጭድ የሞላ አንድ በርሜል አገኘሁ። ስገለብጠው እንቁላሎቹ ወጡ። የሰጠኋቸው ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ጭድ ለብሰው እንደተደረደሩ ነበሩ። አልበሏቸውም፣ አልሸጧቸውም። የሰው ንብረት ነው ብለው አልጣሏቸውምም።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ያንኑ ሰዓት ማንኩሳ መሮጥ ሲገባኝ፣ አካፋ ይዤ ከኩሬው ማዶ ጉድጓድ ቆፈርሁና ቀበርኋቸው። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። አይ እኔ! ነገር ግን ወሬው እኔን አልጠበቀም። አንድ ቀን ወደ ቡሬ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ እማሆይ ያወራሉ። «እንዲያው ቆቡ ምን ያደርጋል» አለች አንዷ፤ ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። «ወራጅ አለ!» ብዬ መሀል መንገድ ላይ ወረድሁ። የቀረውን በእግሬ ሄድሁት።

ጥቂት ወራት አለፉ። ጫጩቶቹም አድገው፣ የየገንዳው በየራሱ ኩሬ ገብቶ ነበር። በዚህ መሀል መንገዱ ተዘጋና ከባሕር ዳር በዱርቤቴ አድርጎ ይመጣልን የነበረው የዓሣ ዱቄት ቀረ። ምርጫ አልነበረንም፤ የሁለቱም ኩሬ ዓሦች ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ የኑግ ፋጉሎና የባቄላ ዱቄት መብላት ጀመሩ። የእኔዎቹ ኮሰመኑ። ቀለቡ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ቢበሉትም አይስማማቸውም፣ ጀርባቸው ሳሳ። የእማሆይ ዓሦች ግን አንድ እፍኝ ስበትንላቸው ውሃውን ያፈሉታል። በወሩ ከእኔዎቹ ጋር ተካከሉ። ከዚያ አለፏቸው።

ይህን ነገር ተምሬዋለሁ፤ ተምሬም ረስቼዋለሁ። ዓሣ ከእናት ካባቷ የምትወርሰው ዘር፣ ጂን የምንለው፣ እንደ መጽሐፍ ነው። ምግብ የመጽሐፉን ፊደል አይለውጥም። ጫጩቷ አፏን በከፈተች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትበላው ግን የትኛው ገጽ ተገልጦ እንደሚነበብ፣ የትኛው ታጥፎ እንደሚቀር ሊወስን ይችላል። ባቄላ ቀድማ የቀመሰች፣ ባቄላ እንዴት እንደሚፈጭ የሚናገረው ገጽ ቀድሞ ይገለጥላታል፤ ስታድግም ሰውነቷ አይረሳውም። በእርግጥ ሁለት ገንዳ አይቶ መማል አይቻልም፤ በሌላ ምክንያት በልጠውም ይሆናል። ቢሆንም ዓሦቹ ዓይኔ ሥር እየወፈሩ ነበር።

ባለሀብቱ በደስታ ሊያብድ! ከፍኖተ ሰላም እንግዳ እያመጣ ኩሬውን ያሳያል፤ «ብልሃቱ የሱ ነው» እያለ ትከሻዬን ይመታኛል። እኔም እስቃለሁ። መጀመሪያ እማሆይን ሌባ አደረግኋቸው፤ አሁን ሌባው ራሴ ሆንሁ። አንድ ቀን እንግዶቹ ሲያጨበጭቡልኝ እጄን አንሥቼ አስቆምኋቸው። ለባለሀብቱ እዚያው፣ እንግዶቹ ፊት፣ ያሳደጓቸው እማሆይ እንደሆኑ ነገርሁት። በቀልድ አለፈው።

እሑድ ጠዋት ማንኩሳ ሄድሁ። በባጃጅ ሁለቴ የቤተ ክርስቲያኑን በር አልፌ ሄጄ ሁለቴ ተመለስሁ፤ ባለባጃጁ «ጋሼ፣ የሚወርዱበትን አያውቁትም እንዴ?» አለኝ። ቅዳሴ ወጥቶ፣ እማሆይ ሌማታቸውን ታቅፈው ወደ ሰንበቴ ቤት ሲያዘግሙ ደረስሁባቸው። ሰንበቴ ቤቱ ሰዉ ከቅዳሴ በኋላ ከየቤቱ ያመጣውን ዳቦና ጠላ አብሮ የሚቀምስበት ነው። እማሆይ ከስተዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። እንቁላሉን፣ ጉድጓዱን፣ ፋጉሎውን፣ የገጹን ነገር ሳይቀር ነገርኋቸው።

«በረቱ በለኛ፣ እነዚያ ምስኪኖች» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንቁላሉን እንዳልወሰድሁ እኔማ ድሮም አውቃለሁ። ይህን ለእኔ ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

ሌማቱን ልሸከምላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም።

«ሌባ ያለኝ ሰው የለም፤ ያገራችን ሰው ጨዋ ነው። ብቻ ዳቦዬን ሳቀርብ ‹ጠግበናል› ይሉኛል። ስድስት ወር ሙሉ ጠግበዋል። እንደያዝሁት ተሸክሜ እገባለሁ።»

ተከትያቸው ገባሁ። ቤቱ ጢም ብሏል። የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው፤ መሀል ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቆምሁ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እማሆይ እንቁላል አልሰረቁም። ሁሉንም አስቀምጠውት አግኝቼዋለሁ። አግኝቼ ቀበርሁት፣ ቀብሬም ዝም አልሁ። ዓሦቹን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ምስጋናውን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ሙሴው ቀና ብለው አዩኝ።

«እስከ ዛሬ የት ነበርህ?»

«እዚሁ ነበርሁ። ፈርቼ ነው።»

ፊታቸውን ከእኔ ወደ እማሆይ አዞሩ።

«እማሆይ» አሉ፣ «ርቦኛል።»

እማሆይ ሌማቱን ከፈቱ። ቆረሱና ለሙሴው ሰጡ። ከዚያ አጠገባቸው ያለችው ሴት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ከየጥጉ። ዳቦው እኔ ጋ ሳይደርስ አለቀ።