የእናቴ ጉም

ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ሲቆጠቁጠኝ ከርሞ ፋርማሲ ገባሁና ጠብታ ሰጡኝ። ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ እየዋለ ዓይኑ ቢደርቅ ምን ይገርማል? ቤት ገብቼ አልጋዬ ላይ ተንጋለልኩና ቀኝ ዓይኔን በጣቶቼ ከፍቼ ጠብ አደረግኩበት። ቀዘቀዘኝ። ልንገርሽ፣ መድኃኒቱ ምንም ሽታ የለውም፤ እኔን ግን የረጠበ ጥድና የጦስኝ ሽታ ሽው አለኝ። ጠብታው በጉንጬ ወርዶ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ እንኳ አልተንቀሳቀስኩም። እማዬን ነበር የማየው፤ ዛፍ ሥር ቆማ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ።

ይህን ነገር ለማንም በቅጡ ነግሬ አላውቅም። የቱ ጋ ደስ እንደሚል፣ የቱ ጋ እንደሚያስከፋ እኔ ራሴ ገና አልለየሁትማ። አንቺ ከለየሽው ትነግሪኛለሽ።

ያደግኩት ከአንኮበር በታች፣ ገደሉ ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት ባለው ደን ውስጥ ነው። አባዬ የደን ጥበቃ ነበር። ለጥበቃ ተብላ የተሠራችው ባለ ቆርቆሮ ቤታችን ከጎረቤት ይልቅ ለጉሬዛ ትቀርባለች፤ ዙሪያዋን ጥድ፣ ኮሶና ወይራ ነው፣ ከፊቷ ብቻ አንዲት ጠባብ ሜዳ አለች። ጉሙ የሚነሳው ከቆላ ነው። ጠዋት ከታች፣ ከአሊዩ አምባ በኩል፣ እንደሚገነፍል ወተት ሽቅብ ይወጣና መጀመሪያ ሜዳዋን ይውጣታል፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ ቀጥሎ ቤቱን። አንዳንድ ቀን ላማችንን የምንፈልጋት በድምፅዋ ነበር። ዛፎቹ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገ የዛፍ ሽበት አለ፤ ያ ጉሙን ሲጠጣ ያድርና ቀኑን ሙሉ ሲያንጠባጥበው ይውላል። ሰማዩ ሳይዘንብ ዛፍ ሲያዘንብ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኛ ጋ ማንም ቀና ብሎ የማያየው የዘወትር ነገር ነው።

እማዬ የዚያ አገር ሰው አይደለችም። አባዬ ነው ከእነዋሪ አግብቶ ያመጣት። ዛፍ የሌለበት፣ ዓይን እስኪደክም ገብስና ስንዴ ብቻ የሚታይበት ሜዳ ላይ ነው ያደገችው። ስለዚህ ጉሙን አምርራ ትጠላው ነበር። «ምን ዓይነት አገር ነው፣ ሰው የገዛ ደጁን የማያይበት!» ትላለች። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ «ዛሬም አልተገፈፈም?» ስትለን፣ እኛም «አልተገፈፈም» ስንላት ዓመታት አለፉ። ወጡ ላይ ጨው ስትደግም፣ ውሻችንን ጆንያ መስሏት ልታነሳው ስትል፣ ሁሉንም በጉሙ ታሳብባለች። እኛም አመንናት። ጉም ውስጥ የሚኖር ሰው ዓይኑን ምን ብሎ ይጠረጥራል?

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ነው፤ ያኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታኅሣሥ እኛ ጋ ውርጭ እንጂ ጉም የለውም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሜዳዋ አመዳይ ለብሳለች፣ ኮሶዎቹ ቀይ አበባቸውን ዘርግፈዋል፣ ከዛፎቹ መሃል እስከ ቆላው ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። እማዬ በሩን ከፍታ ወጣችና ትንሽ ቆመች።

«አይ፣ የዛሬው ደግሞ ባሰ! ዛፎቹንም ውጧቸዋል» አለች።

እኔ ከኋላዋ ነኝ። ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ናት።

«እማዬ፣ ጉም'ኮ የለም።»

አባዬ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ እጁ ማሰሪያው ላይ ቀረ። እማዬ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ አየሩን ዳሰሰችው። «ደረቅ ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ተመልሳ ገብታ እሳቱ አጠገብ ቁጭ አለች። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ቀኑን ሙሉ አሁን ትቆጣኛለች፣ አሁን ትቆጣኛለች ስል ዋልኩ።

በማግስቱ ግን ጠራችኝ። «ነይ እስቲ፣ ደጅ ወጥተሽ እይና ያየሽውን ንገሪኝ። እንዳለ! ከራስሽ እንዳትጨምሪ።»

በቃ፣ ሥራ አገኘሁ። አባዬ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲላት «ብርድ ነው፣ ያልፋል» እያለች፣ እኔን ግን በየጠዋቱ ትልከኛለች። እንግዲህ ልጅ ነኝ፣ የምነግራት ሁሉ የተዘበራረቀ ነው። «ቢጫ አበባ አለ» እላታለሁ። «በጥር? የምን ቢጫ? አደይ ነው?» ትለኛለች። «እኔ እንጃ።» «ዛፍ ላይ ነው መሬት ላይ?» «ዛፍ ላይ።» «ታዲያ አምጃ ነዋ፣ አንቺ ልጅ! ዛፍ ላይ የሚያብብ አደይ የት አለ?»

አንድ ቀን ጥዱ ላይ አረንጓዴ ወፍ አየሁ፤ ጉንጩ ነጭ፣ ዝንጥ ያለ። በሩ ላይ ቆሜ እየነገርኳት እያለ ብድግ ብሎ ሲበር ክንፉ ደማቅ ቀይ ሆነ።

«አይ እማዬ፣ ቀይ ነው!»

«ወስኚ እንጂ! አረንጓዴ ነው ቀይ?»

«ሲቀመጥ አረንጓዴ፣ ሲበር ቀይ።»

«ድንቄም ምስክር! አንቺን ፍርድ ቤት ቢያቀርቡሽ ሌባውንም ከሳሹንም ታሳስሪያቸው ነበር» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወፉ ግን በእናትሽ እንደዚያው ነው። ዛሬም ሄደሽ ብታዪው ሲቀመጥ አረንጓዴ፣ ሲበር ቀይ ነው፤ ውሸቴን አይደለም።

እያደር ለመድኩት። በልግ ሲገባ ቀጋው ነጭ አበባውን አወጣ፣ ሜዳዋ ላይ የረገጥሽው ጦስኝ ሁሉ እስከ ጉልበትሽ ይሸትሻል። ግንደ ቆርቁሩን እሷ በጆሮዋ ትቀድመኛለች፣ የቱ ዛፍ ላይ እንዳለ እኔ እነግራታለሁ። ስነግራት ዓይኗን ጨፍና «እህ… እህ…» ትላለች። ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም መንገዱን የማየው ለእሷ ነበር። የመሥሪያ ቤት ኃላፊነት ተሰጥቶኝ ያውቃል፣ ልጆችም ወልጃለሁ፤ የዚያን ያህል የተፈለግኩበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም።

ክረምት ሲገባ ባሰባት። ሐምሌ ላይ አባዬ ግድ ብሎ ደብረ ብርሃን ወስዶ አስመረመራት። የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይነሳል ተባለና ለመስከረም ተቀጠረች። የአባዬ እህት አክስቴ አሊዩ አምባ ገበያ ወርዳ ስትመለስ እኛ ቤት ታርፍ ነበርና ይህን ስትሰማ አማተበች።

«ዓይንን በቢላ? ኧረ በስመ አብ! ያለችውንም ብርሃን ሊያጠፉባት ነው!»

«አንቺ ደግሞ አታስፈራሪያት! ባለሙያ ነው የተናገረው» አላት አባዬ።

ማንን ልመን? አባዬ አይዋሽም። አክስቴም አትዋሽም።

መጨረሻ ላይ እማዬ ራሷ ቆረጠች። ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። በዚያን ዕለት ሰማይ ይከፈታል፣ የሚዘንበው ዝናብም ጠበል ነው ተብሎ ልጅ አዋቂው ደጅ ወጥቶ ይጠመቅበታል። የጦቢትን ዓይን ያበራው መልአክ እሱ ነው። «ከዘነበ እጠመቃለሁ፤ ቢላ የሚባል አይነካኝም። ካልዘነበ ደግሞ መልስ ሰጠኝ ማለት ነው፣ ቀጠሮዬን እሄዳለሁ» አለች። አባዬ አንገቱን ደፋ። በጳጉሜን እኛ ጋ የማይዘንብበት ዓመት እንደሌለ ያውቃላ።

ጉድ እኮ ነው፣ የዚያን ዓመት ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀጥ አለ። እኔም ምን እንደምመኝ ጠፋኝ። ይዝነብ ብዬ ብጸልይና ጠበሉ ባይይዝላትስ? አይዝነብ ብዬ ብጸልይና ቢላው ቢያጠፋትስ? አንዱን ቀን ይዝነብ እላለሁ፣ በማግስቱ የትናንቱን አትስማኝ እላለሁ። እማዬ ደግሞ በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች። «ደመና አለ?» «አለ፣ ግን ወደ መዘዞ በኩል ነው።» «ወፎቹስ?» «ዝቅ ብለው ነው የሚበሩት።» አክስቴ «ሊዘንብ ነው!» ስትል አባዬ «ትል ለቀማ ነው» ይላታል። ዛሬ ስልኬ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል ሲለኝ የማላምነው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም።

ዕለቱ ሲነጋ ሰማዩም መሬቱም የለም፣ ሁሉም ጉም ነው። እማዬ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ደጅ ተቀመጠች። ረፋዱ ላይ የቤቱ ቆርቆሮ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ዘነበልሽ! እሰይ የኔ ሩፋኤል!»

አባዬ ከጓሮ ወጣ። «የምን ዝናብ? ጉም ነው እንጂ! ቆርቆሮው ላይ የሚንጠባጠበው ዛፉ ነው። ሜዳው ላይ ሄደሽ እይ፣ አንዲት ጠብታ የለም።»

«ታዲያ ውሃው ከሰማይ ካልመጣ ከየት መጣ?»

«ከቆላ ነዋ! ጠዋት በዓይንሽ ሲወጣ አይተሽው የለ?»

ወንድምና እህት በጠብታ ተጣሉልሽ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም። እማዬ ከመሃላቸው ተነስታ ቆመች።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ። ልጄ ትንገረኝ። ዘንቧል ወይስ አልዘነበም?»

ወደ ሜዳዋ ሮጥኩ። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፤ የሚወርድ ነገር የለም። ድንጋዮቹን አየሁ፤ የጠብታ ምልክት የለባቸውም። ተመልሼ ደጃችን ያለው ትልቁ ኮሶ ሥር ገባሁ፤ ውሃው በአንገቴ ገብቶ ጀርባዬን አራሰኝ። ወጣሁ፣ የለም። ገባሁ፣ አለ። አባዬ እውነቱን ነው፣ አክስቴም እውነቷን ነው፣ እናቴ ደግሞ የእኔን አንድ ቃል ይዛ ዓይኗን ልትወስን ነው። ያለችኝ ግን እንዳለ ንገሪኝ፣ ከራስሽ አትጨምሪ ነው።

«ሜዳው ላይ አልዘነበም። ዛፉ ሥር ግን ይዘንባል» አልኳትና ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

እማዬ የራሰ ጀርባዬን በእጇ ዳሰሰች። «እንግዲህ ሩፋኤልም እንደኔው ግራ ገብቶታል ማለት ነው» አለች። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «በይ ዛፉ ሥር ውሰጂኝ።»

እጇን ይዤ ወሰድኳት። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ቀና አለች፣ ሁለቱንም ዓይኖቿን ቦግ አድርጋ ከፈተቻቸው። ጠብታው አንዳንዴ ግንባሯ ላይ፣ አንዳንዴ አፍንጫዋ ላይ፣ አልፎ አልፎ ዓይኗ ውስጥ ያርፋል። ዓይኗ ውስጥ ሲያርፍ እንኳ አልከደነችውም። አባዬ ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ስትጨርስ ፊቷን ሳትጠርግ ወደ ሁለቱ ዞረች። «ጠበሌን ተጠምቄያለሁ፣ ቀጠሮዬንም እሄዳለሁ። ያዳነኝ ያድነኝ!»

በመስከረም አባዬ ይዟት ሄደ። እኔ ከአክስቴ ጋር ቀረሁ። የሚመለሱ ዕለት መኪናው መንገድ ድረስ ሮጬ ወጣሁ። እማዬ ጥቁር መነጽር አድርጋ ወረደችና አወለቀችው። አገጬን ይዛ ዞር አደረገችኝ፣ ደግሞ ዞር አደረገችኝ። «አንቺ ነሽ? እኔን! እንዲህ አድገሽልኛል?» አለችኝ። ሁላችንም አለቀስን። አክስቴ ሩፋኤል ነው አለች፣ አባዬ ሐኪሙ ነው አለ፤ እስከ ዛሬም አልታረቁበትም።

በማግስቱ እንደ ልማዴ በጠዋት ተነሳሁ። ሜዳዋ በአደይ ቢጫ ሆናለች፣ አጥሩ ላይ የመስቀል ወፍ ተቀምጣለች፣ ጉሙ ገና ከገደሉ አፍ አላለፈም። ሁሉንም ለቃቅሜ፣ የቱን አስቀድሜ እንደምነግራት እያሰብኩ ወደ ቤት ሮጥኩ።

«እማዬ፣ ዛሬ ሜዳው…»

በሩ ላይ ቆማለች፣ እጇን ለፀሐይዋ ከለላ አድርጋ።

«አየሁት!» አለችኝ።

ደስ ብሏት ነው እንዲያ ያለችው፣ ሌላ ምንም የለበትም። እኔ ግን ከጓሮ ዞሬ እንጨቱ ክምር ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ። እናቷ ዓይኗ የበራላት ልጅ ምን ሆና ታለቅሳለች? አባዬ መጥቶ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። በእውነት አላውቅም ነበር። ለእማዬ ነግሯት ይሁን፣ ቀይ ዓይኔን አይታ ይሁን፣ እሱንም አላውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት ላይ ጠራችኝ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኖቿን ጨፍናለች። የግራዋ ሽፋሽፍት ይንቀጠቀጣል።

«ነይ እስቲ፣ ያየሽውን ንገሪኝ።»

ወጣሁ፣ አየሁ፣ ተመለስኩ። ፊት ለፊቷ ቆሜ ነገርኳት። ቀጋው ውስጥ ሁለት ዋኔ ርግቦች እንደገቡ፣ አንዱ እንደወጣ፣ ሌላው እንደቀረ፤ የሜዳዋ ማገጥ ሣር መድረቅ እንደጀመረ፤ ከቆላ በኩል ቀጭን ጉም እንዳለ፣ ይምጣ አይምጣ እንደማይታወቅ። እሷም ድሮ «እህ…» በምትልበት ቦታ ሁሉ «እህ…» አለች። ሁሉንም ቀድማ አይታዋለች፤ እኔም እንዳየችው አውቃለሁ። ማን ለማን ብሎ እንደሆነ ግን እንጃ፣ እስከ መጨረሻው ነገርኳት።

ስጨርስ ዓይኖቿን ገልጣ አየችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለችኝ።

ከዚያ በፊት አንድም ቀን አመስግናኝ አታውቅም።