ልጄን በሰልፍ ፊት አልገስጽም

«አባባ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ልጅዎን ይገስጿት፤ አለበለዚያ ትባረራለች» አለኝ ዛሬ ጠዋት ልጄ የምትማርበት ማሠልጠኛ ዳይሬክተር።

ደሜ ፈላ። ዘሀራ እኮ ሃያ ዓመቷ ነው!

ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? ትናንት በሰልፍ ላይ እጇን አውጥታ «በዚህ የአሰብ ሙቀት የውሃው በርሜል ለምን ይቆለፍብናል?» ብላ መጠየቋ።

«ዋሸች?» አልኩት።

«አልዋሸችም። ግን ሳይፈቀድ መናገር ክልክል ነው። ደንቡ ያውና ተለጥፏል፣ ያንብቡት።»

እንደምንም ፊደል ቆጥሬ አነበብኩት። ውሃ ይቆለፍ የሚል አላገኘሁበትም።

ወላሂ፣ ወደብ ላይ ጆንያ ስንሸከም እንኳ ውሃ የከለከለን አለቃ የለም! እናቷ በሕይወት ብትኖር ሰውየውን ራሱን ሰልፍ ታስገባው ነበር።

ተማሪው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ዘሀራ አንገቷን ደፍታለች። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩና ጮክ ብዬ «ልጄ፣ ደግ አደረግሽ» አልኳት።

ሁለታችንንም ከግቢ አስወጡን። እሷም ተባረረች።

አሁን እቤት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። «አባባ፣ ለኔ ስትል እንኳ ትንሽ ብትቆጣኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ነገም ቢጠሩኝ ግን የምለው ያንኑ ነው።

እስቲ ልጅ ያስተማራችሁ ንገሩኝ፤ እናንተስ ልጃችሁን ገስጹ ሲሏችሁ ገሰጻችሁ?