እንግዴ ልጁን ስጡኝ

እግሬ ቤት አይወድም። ልጄ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ብታስቀምጠኝም፣ ጠዋት ወርጄ ቀራንዮ ደርሼ ካልተመለስኩ ቀኑ አይመሽልኝም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም እኔ ሳወራ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፈው። ላሳምረው ስትል አስቆማታለሁ።

አገሬ ሩቅ ነው፤ መኪና ከሚያልቅበት ወንዙን ተሻግሮ የአንድ ቀን የእግር መንገድ። እኛ ዘንድ እንግዴ ልጅ በቅጠል ተጠቅልሎ ደጃፍ ይቀበራል። የልጁ መንትያ ነው እንላለን፤ አፈሩን ቀድሞ ይይዝለታል። እንግዴ ልጁ የተጣለበት ሰው አገር የለውም። ጤና ጣቢያ ከተከፈተም በኋላ ሴቶቻችን ሳይሄዱ የቀሩት መርፌ ፈርተው አይደለም፤ «ይጥሉታል» ሲባል ሰምተው ነው። እህቴ በዚህ የተነሳ ቤቷ ወለደች። ደሟ አልቆም ብሎ ሞተች።

ልጇ አርግዛ ፊቷና እግሯ ሲያብጥ ጎትጉቼ እኔ ዘንድ አስመጣኋት። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣

«አክስቴ፣ እንግዴ ልጄን ይሰጡኛል?» አለችኝ።

«ይሰጡሻል።»

«ካልሰጡኝ ዛሬውኑ እመለሳለሁ። እንደ እናቴ ልሁን።»

«አፍሽን ይዝጋው! ይሰጡሻል አልኩሽ።»

ማንን ጠይቄ? ማንንም። እኔ ራሴ እዚሁ ከተማ ስወልድ የልጄን ጥለውብኛል። ባላገር እንዳይሉኝ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ምጧ ሲመጣ ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ቀትር ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ደሟ እንደ እናቷ አልቆም ብሎ ነበር፤ ሐኪሞቹ ናቸው ያተረፏት። እጃቸው ይባረክ፣ አልክድም። ግን ከቤት ያመጣሁትን ባልዲ ይዤ ማዋለጃው በር ላይ ቆምኩ።

«እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?» አለች ነርሷ።

«እንግዴ ልጁን ስጪኝ።»

«እሱማ ይቃጠላል። አይሰጥም።»

«አንቺ ነሽ የወለድሽው?»

«ኧረ እማማ! ይሄ እኮ አዲስ አበባ ነው።»

«አዲስ አበባ አፈር የለውም?»

ሳቀች፤ ግን አልሰጠችኝም። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው መጣ። «ይነሱ እማማ፣ መንገድ ዘጉ።»

«ጉልበቴ ሲነሳ እነሳለሁ፣ ልጄ።»

በመጨረሻ አንዲት ጠና ያለች ዶክተር ወጣች። አልጮህኩም፤ መጮህ አላውቅበትም። «ይህቺ ልጅ አገሯ ገብታ ‘ጣሉት’ ካለች፣» አልኳት፣ «ከእንግዲህ ማን ጤና ጣቢያ ሄዶ ይወልዳል? እህቴን በዚሁ ቀብሬያለሁ።»

ዶክተሯ ወደ ነርሷ ዞራ፣ «በድርብ ፌስታል አድርጊላቸው። ጓንትም ስጫቸው። እማማ፣ ጉድጓዱ ጥልቅ ይሁን፤ ደግሞ ይፈርማሉ» አለች።

ፊርማ የት አውቄ! አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩበት።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ባልዲዬን አየ። «እማዬ፣ ሥጋ ከሆነ አያካፍሉኝም?»

«አይበላም። ዘመዴ ነው።»

ፈጥኖ ወደ ሌላው ተሳፋሪ ዞረ።

የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሁሉ የድንጋይ ንጣፍ ነው። ባልዲዬን ይዤ ስዞር፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው በርበሬ ነጋዴ ጎረቤቴ ጠራችኝ። እስላም ናት፣ የጉራጌ ልጅ። ነገሩን ስነግራት፣

«ለዚህ ነው የምትንከራተቺው? ነይ ግቢ!» ብላ ዶማዋን አነሳች። ከጓሮዋ ኮባ ሥር እየተቀባበልን እስከ ወገባችን ቆፈርን።

በእግሬ ተመልሼ ሐኪም ቤት ገባሁ። ልጅቷ ሕፃኗን አቅፋ በሩን በሩን ታያለች።

«ተቀበረ?»

እጄን ታጥቤ ነበር፤ የቀሚሴ ጫፍ ላይ ግን አፈሩ አልለቀቀም። ያንን አሳየኋት። ይዛው ቆየች። ከዚያ ስልኬን ተቀብላ አገር ቤት ደወለች፤ እርጉዝ ለሆነችው ለወንድሟ ሚስት።

«ሰጡኝ» አለቻት በቋንቋችን። «ምጥ ሲጀምርሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። አንሰጥም ካሉሽ ደግሞ እናትሽ በሩ ላይ ትቀመጥ።»