ሐጂ ዘንድ የቀረው ቁልፍ

ባለፈው ወር ልጄ ሂሩት ስልክ ደውላ ስለ ሥራዋ ስታጫውተኝ ነው ይህ ነገር እንደ አዲስ የተቀሰቀሰብኝ። ሂሩት የምትሠራው አየር ማረፊያ ነው፣ የመንገደኛ ሻንጣ በሚገባበትና በሚወጣበት ክፍል። የክፍሎቹን በሮች በሙሉ እየቀየሩ ነው አለችኝ። ድሮ በካርድ ብቻ የሚከፈተው አሁን ካርድም ጣትም ይፈልጋል፤ የተመዘገበው ሰው ጣቱን ካላሳረፈበት በሩ ንቅንቅ አይልም።

«ጣቱ የተመዘገበው ሰውዬ ቢሞትስ?» አልኳት።

«እማዬ ደግሞ! ሌላ ሰው ይመዘገባላ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ሁለታችንም ስለ ማን እያሰብን እንደሆነ ገባን። ግራ ጉንጯ ላይ ያለችው ጠባሳ እስከ ዛሬ አልጠፋችም።

የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ የምንላት ከተማ። እኔ መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ያለችኝ ያቺ አንድ ልጅ ብቻ ናት። ምላሴ ሹል ነው ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ መናኸሪያ ውስጥ ዝም ያለች ሴት ተረግጣ ታልፋለች።

ከትኬት ቤቱ ጎን የመንገደኛ ዕቃ ማቆያ መጋዘን ነበረን። ወደ መሰላ የሚሄድ ሰው መኪና ሲያመልጠው ጓዙን እዚያ ያሳድራል፤ የነጋዴዎቹ የጨርቅ ጥቅልም ከአዲስ አበባ ሲመጣ እዚያ ይገባል። ከዕለታት አንድ ቀን ዕቃ መጥፋት ጀመረ። በሩ አልተሰበረ፣ ቁልፉ አልተነካ፣ ዕቃው ግን የለም። እንግዲህ ሌባው ቁልፍ ያለው ሰው ነው ማለት ነው። ያን ሰሞን ሁሉም ሁሉንም በጎሪጥ ያይ ነበር። እኔንም ጠርጥረውኛል፤ ሰምቻለሁ።

ቀበሌ ስብሰባ ጠራ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ለምን እንደ እድር ሳጥን አናደርገውም?» አሉ። የእድር ሳጥን መቼም ታውቃላችሁ፤ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ሦስት ሰው ይይዘዋል፣ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ሁሉም አጨበጨበ። የእንጨቱ በር ተነቅሎ ወፍራም የብረት በር ተገጠመ። ሦስት ጓጉንቸር ተንጠለጠለበት፤ መጋዝ እንዳይደርስባቸውም ብየዳ ሠሪው በብረት ሽፋን ከለላቸው። አንዱን ቁልፍ በመናኸሪያው ስም እኔ ያዝኩ። አንዱን በቀበሌው ስም ጓድ በቀለ ያዘ። ሦስተኛውን በነጋዴዎቹ ስም ሐጂ ሸምሱ ያዙ።

ትርፍ ቁልፎቹስ? እነሱ ጋ ሲደርስ ጭቅጭቁ እንደገና ተነሣ። ማን ዘንድ ይቀመጡ? ማንም ማንንም አላመነም። መጨረሻ ላይ ጓድ በቀለ ሕዝቡን ሁሉ አስከትሎ ሄደና ትርፍ ቁልፎቹን በሰው ፊት የመናኸሪያው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣላቸው። እኛም አጨበጨብን። ወይ እኛ! እንደዚያ ቀን ብልጥ የሆንን መስሎን አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር ስርቆቱ ቆመ። ግን ጣጣው! ጠዋት ጠዋት ሦስታችን ካልተገናኘን በሩ አይከፈትም። ማታ ሲሆን ጓጉንቸሩ በመጫን ብቻ ስለሚቆለፍ ማንም ይዘጋዋል፤ መክፈቱ ነው ችግሩ። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ከስልጤ አገር ገና በልጅነታቸው የመጡ። ቁልፉን በወገባቸው መቀነት አስረው ነው የሚይዙት። ለሶላት ከሄዱ ቆመን እንጠብቃለን።

«ሐጂ፣ ለነስሩ ቢሰጡት ምን አለበት? እግርዎም ያርፍ ነበር» እላቸዋለሁ። ነስሩ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው።

«አንቺ ጠበኛ፣ አማናውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ነስሩ ምን አገባው?» ይሉኛል እየሳቁ።

አማና ማለት አደራ ነው። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን ከአደራም የከበደ ነገር ይመስል ነበር።

እንዲህ እያለን ነው ውሻ ልጄን የነከሳት። ሂሩት ስድስት ዓመቷ ነበር። በራችን ላይ እየተጫወተች ሳለ የማናውቀው ውሻ መጥቶ ጉንጯን ዘነጠላት። ምራቁ ይዝረበረብ ነበር፤ ያንኑ ቀን የሰው አህያም ነክሶ ሰዎች በዱላ ገደሉት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቁስሉን አጥቦ ካሰረ በኋላ ወደ ውጭ ጠራኝ። «እብድ ውሻ ነው። ፊቷ ላይ መሆኑ ደግሞ ጊዜ አይሰጠንም። መርፌው እዚህ የለም፤ አዲስ አበባ ሰው ካለሽ ዛሬውኑ ንገሪ» አለኝ። መርፌው ሳይጀመርላት ሕመሙ ከወጣባት ማንም እንደማያድናት አልደበቀኝም።

አዲስ አበባ ወንድም አለኝ። ቴሌ ሄጄ ደወልኩለት። ለምኜም ደጅ ጠንቼም መድኃኒቱን አገኛለሁ አለኝ። ሙቀት እንዳያበላሸው ፔርሙዝ ውስጥ በበረዶ ከቦ በአውቶቡስ እንደሚልከው ነገረኝ። በነጋታው ጠዋት ሦስታችን መጋዘኑን ከከፈትን በኋላ፣ መድኃኒቱ ገና ነገ ነው የሚደርሰው ብዬ ቤት ገብቼ ልጄን አቅፌ ዋልኩ። ለካ ቀድሞ አግኝቶት በዚያው ቀን አውቶቡስ ልኮታል።

በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ እዚያው ያደረው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ሊወጣ ነው። ሹፌሩ አየኝና በመስኮት ብቅ አለ።

«ፔርሙዝሽን ወሰድሽ?»

«የምን ፔርሙዝ?»

«የወንድምሽ ነዋ! ትናንት ስትጠፊ ከሌላው ዕቃ ጋር መጋዘን አስገቡት። በረዶው እስከ ዛሬ እኩለ ቀን ቢቆይ ነው ብሏል፣ አደራ።»

ወደ ብረቱ በር ዞርኩ። ሦስቱም ጓጉንቸሮች እንደተቆለፉ ናቸው። የእኔ ቁልፍ እጄ ላይ ነው። ጓድ በቀለን አስጠራሁ፤ ወዲያው መጣ፣ ቁልፉን አወጣ። ሐጂ ግን የሉም። እሳቸው ደግሞ ከሁላችንም ቀድመው የሚደርሱ ሰው ናቸው።

«ስበሩልኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«የሕዝብ ንብረት ሰብሬ ማን ሊታሰርልኝ ነው?» አለ ጓድ በቀለ። ግን አላስቻለውም፣ ብየዳ ሠሪውን ራሱ አስጠራው። ብየዳ ሠሪው ሽፋኑን መታ መታ አደረገና አንገቱን ደፋ። መብራት የሚመጣው ማታ ነው፤ በእጅ መጋዝ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢታገል አይቆርጠውም። ጥሩ አድርጎ ነበር የሠራው።

ወደ ሐጂ ቤት ሮጥኩ። ገና ከሩቅ ደጃቸው ላይ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰሌን ሲነጠፍ አየሁ። ሐጂ ሸምሱ ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ውዱእ ሊታጠቡ ተነሥተው እዚያው ወድቀው ቀርተዋል።

ሴቶቹ ወዳሉበት ጓሮ ገባሁ። የሐጂ ባለቤት አዴ ዘይነባ መሐል ተቀምጣለች፣ እንባ እንኳ አልወጣትም። እኔ ግን አለቀስኩ፣ ማቆም አቃተኝ። «ምን ያህል ብትወዳቸው ነው!» ሲሉ እሰማለሁ። ሐጂን እወዳቸዋለሁ፣ ውሸት አይደለም፤ ያን ሰዓት የማለቅሰው ግን ለልጄ ነበር። እዚያ ማዶ ክፍል አስከሬን እያጠቡ ነው። ባሏ ገና መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ «ቁልፉን ስጡኝ» እንዴት ይባላል? ፀሐይዋ ወደ ላይ እየወጣች ነው። እኔ ሹል ምላስ ያለኝ ሴት፣ ያን ቀን አንድ ቁልፍ መጠየቅ አቃተኝ።

ጀናዛው፣ አስከሬናቸው፣ ተከፍኖ ወደ ግቢው ወጣ። ወንዶቹ ሊያነሱት ከበቡት። ያኔ ነስሩ ከአባቱ ራስጌ ቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ወገኖቼ! በአባቴ ላይ የሰው ሐቅ ካለ፣ እሱ ዘንድ የተቀመጠ አማና ካለ፣ ባለቤቱ አሁን ይናገር። ያንን ሳልመልስ አባቴን አፈር አላለብሰውም።»

በእስላሞቹ ዘንድ ይህ ልማድ ነው፣ ብዙ ቀብር ላይ ሰምቼዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይባልና ጀናዛው ይነሣል። ያን ቀን ግን እኔ ሳላስበው ከሴቶቹ መሐል ተነሥቼ ቆሜአለሁ።

«እኔ አለኝ!» አልኩ። «ሐጂ ዘንድ ቁልፍ አለኝ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ አዛውንት «አንቺ ሴት፣ ዛሬ የመጋዘን ቁልፍ ይጠየቃል? አላህን ፍሪ!» ብለው ተቆጡ። እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ውሻውን፣ የልጄን ጉንጭ፣ ፔርሙዙን፣ በረዶውን። ምን ብዬ እንደጨረስኩ አላውቅም።

አዛውንቱ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከኋላዬ አዴ ዘይነባ ብድግ አለች። የሻሿን ጫፍ ፈታችና ቁልፉን አወጣች። ሲያጥቧቸው ከመቀነታቸው ላይ ፈትተው ለእሷ ሰጥተዋት ኖሯል። ለእኔ አልሰጠችኝም፤ ለነስሩ ዘረጋችለት።

«የአባትህ አማና ነው፣ አንተ ሄደህ ክፈት» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሂጂ፣ አትቁሚ። ሐጂ ይቆያሉ፣ ልጅ አትቆይም» አለችኝ።

ነስሩ የአባቱን አስከሬን ለሰው አደራ ብሎ ከእኔ ጋር ወጣ። ጫማም አላደረገም። በመንገድ አንድ ቃል አልተነጋገርንም፣ እንሮጥ ነበር። ጓድ በቀለ በሩ ላይ እንደቆመ አገኘነው። እሱ ከፈተ፣ እኔ ከፈትኩ፣ ነስሩ ከፈተ። በሩ ሲከፈት ፔርሙዙ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነቀነቅሁት። ከውስጥ ኩልል የሚል የውሃ ድምፅ ሰማሁና በረዶው አልቋል ብዬ ደነገጥኩ። ድሬሰሩ ጋ ደርሰን ሲከፍተው ግን ከሥር ትንሽ በረዶ ቀርታ ነበር፣ የቡና ፍንጃል የማትሞላ። «ቀዝቃዛ ነው፣ አልተበላሸም» አለ። መርፌውን አዘጋጅቶ ሂሩትን ሲወጋት ነስሩ በሩ ላይ ቆሞ አየ። ከዚያ አባቱን ሊቀብር ተመለሰ።

የቀሩትን መርፌዎችም በየቀኑ እየጮኸች ተወጋች። ዳነች።

ባለፈው ዓመት አዴ ዘይነባ አረፈች። ሂሩት ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መጣችና አብረን ሄድን። ያው ግቢ ነው፣ ቤቱ ብቻ ታድሷል። ነስሩ ሸብቷል። ጀናዛው ሊነሣ ሲል እንደዚያን ቀን ከራስጌ ቆመና «እናቴ ላይ የሰው ሐቅ ካለ፣ አማና ካለ ይነገር» አለ።

እጄን አነሣሁ። ሰው ሁሉ ደንግጦ አየኝ።

«ምን አለባት?» አለ ነስሩ፣ ቀስ ብሎ።

«እሷ ላይ ምንም የለም» አልኩት። «ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ነስሩ ከጎኔ የቆመችውን ሂሩትን አያት፣ ጉንጯን አየ። «እሱ ያኔ ተመልሷል» አለኝ፣ ከዚያም እናቱን ለማንሣት ጎንበስ አለ።

እኔ ግን እስከ ዛሬ እንዳለብኝ ነው የሚሰማኝ።