ሰሊጡ ላይ የዞረችው ኤፍ-ፋይቭ

በሰባ ሰባቱ ረሃብ መተማን ተሻግሬ ሱዳን ውስጥ ፋሽጋ ላይ ሰሊጥ አጫጅ ስሆን፣ ወታደር እንደነበርኩ ለማንም አልተናገርኩም። ሥራዬ የጦር አውሮፕላን ላይ ቦምብ መጫን ነበር። አብረውኝ ከሚያጭዱት መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጃቸውን ከገበያ ሲመለስ የደርግ አውሮፕላን ገድሎባቸዋል። ምሳ ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። ገና ሳላያት አወቅኳት፤ ኤፍ-ፋይቭ። አሜሪካኖች ለሌላ አገር እያሰናዱ የሚሸጧት ተዋጊ ናት። እኛም ነበረችን፣ ሱዳንም ነበራት። ስለዚህ ማወቄ ምንም አልፈየደኝም። የማን እንደሆነች የሚለየው ቀለሟና ባንዲራዋ ነው፤ ያን ለማየት ደግሞ ቀና ማለት ያስፈልጋል።

ሰው ሁሉ ማጭዱን እየጣለ ሰሊጡ ውስጥ ተደፋ። የእርሻው ወኪል፣ ሲቆጣን የሚውለው ሰውዬ፣ ትራክተሩ ሥር ገባ። እኔም በደረቴ ተኛሁ። ክንፏ ሥር ምን እንደሚንጠለጠል፣ ስንቱን በገዛ እጄ እንዳጠበቅኩት አውቃለሁና ከሁሉም የባስኩት ፈሪ እኔ ነበርኩ። ሽንቴ አመለጠኝ።

አልፋ ሄደች ስንል ዞራ መጣች፤ ዝቅ ብላ። ሽማግሌው ብቻ አልተደፉም፤ ማጭዳቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

"አባቴ፣ ይተኙ!" ብዬ ጮህኩ።

አልሰሙኝም። ልጎትታቸው ስነሳ ከላያችን አለፈች፤ ክንፏ ሥር ባዶ፣ ጅራቷ ላይ የሱዳን ባንዲራ።

"የሱዳን ናት! ቦምብም አልጫነችም! ተነሱ!"

አንድ በአንድ ተነሱ። አንዲት ሴት እየሳቀች አለቀሰች። ሽማግሌው ግን ወደኔ ዞሩ።

"አለመጫኗን በምን አወቅህ?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ግን የሚዋሽ ምላስ ከየት ላምጣ? "ሥራዬ ነበር" አልኳቸው። "የምጭነው እኔ ነበርኩ።"

"ልጄን የገደለውንስ?"

"አላውቅም አባቴ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።"

ማጭዱ እጃቸው ላይ ነበር፤ ከአውሮፕላኗ ይልቅ እሱ አስፈራኝ። በመጨረሻ ወደ ሌላ ትልም ሄዱ። ምሳቸውንም ለብቻቸው በሉ። አጨዳው እስኪያልቅ አላነጋገሩኝም። ብቻ ከሩቅ የሞተር ድምፅ በተሰማ ቁጥር፣ ትራክተርም ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚያዩት ወደኔ ነበር። ቆሜ ካዩኝ ማጨዳቸውን ይቀጥላሉ።